የኖፓው ሦስተኛ እግር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዝናብ እወዳለሁ። መቱ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኛ ዘንድ ዝናብ የማይጥልባቸውን ወራት ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይተርፋል። ድሮ ሰማዩ ሲጠቁር እንዲህ አልነበርኩም። ነጎድጓዱ ከየት በኩል እንደሆነ አዳምጥና ከኖፓ ከተማ በኩል ከመጣ የያዝኩትን አስቀምጬ እቆም ነበር። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረሽ" ይለኝ ነበር። አሁን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የቆርቆሮውን ጩኸት እየሰማሁ አንቀላፋለሁ። ይህ እፎይታ ከየት እንደመጣ ልጽፍ ነው የተነሣሁት፤ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ግን አይገባም።

ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ኦሮምኛውን ገበያ ላይ፣ ከዚያም ጎረቤት ቤት ለመድኩት። ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ የቢሮ ደብዳቤዎች በቁቤ መጻፍ በጀመሩ ሰሞን መቱ ውስጥ ወዳለ አንድ የትራንስፎርመር መጠገኛ ወርክሾፕ በቀን ሠራተኝነት ገባሁ። ሥራዬ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ላይ የመዳብ ሽቦ መፍታት ነበር። ስለ ደመወዜ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔና ከሽቦው ቢመረጥ ሽቦው ይመረጥ ነበር።

የወርክሾፑ ጠምዛዥ፣ አዲሱን ሽቦ በብረቱ ላይ የሚጠመጥሙት፣ ጋሼ ኢተፋ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሽቦ ስፈታ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"ከንፈርሽ ምን ያወራል?"

"እቆጥራለሁ ጋሼ። ስንት ዙር እንደነበረው።"

"ማን ቁጠሪ አለሽ?"

"ማንም አላለኝም። ካልቆጠርኩ ይሰለቸኛል።"

ሳቁና ሄዱ። በማግስቱ ከመፍቻው ወደ መጠምዘዣው አዛወሩኝ። ኃላፊው ሴት ጠምዛዥ አይቶ ስለማያውቅ ትንሽ አንገራግሮ ነበር፤ ጋሼ ኢተፋ ግን "እሷ ትቆጥራለች፣ እናንተ ግን ትገምታላችሁ" ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ እስኪሄዱ ድረስ የምሰማው ቃል አንድ ነው፦ "ሱታ፣ ኢንታላ ኮ፣ ሱታ።" ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ላስረዳ። ትራንስፎርመር ውስጥ ሦስት የብረት እግሮች አሉ። በእያንዳንዱ እግር ላይ ሁለት ጥቅልል አለ፤ ወፍራሙ ከውስጥ፣ ቀጭኑና ብዙ ዙር ያለው ከውጭ። በሁለቱ መሃል ክፍተት አለ። ከአንደኛው የተነሣው የማግኔት ኃይል ሁሉ ሌላኛው ጋ አይደርስም፤ የተወሰነው በዚያ ክፍተት በኩል ያመልጣል። እኛ "ያመለጠው" እንለው ነበር። አዲስ ሰው ሲሰማ ብክነት ይመስለዋል። ነገር ግን መስመር ላይ ሁለት ሽቦ ተገናኝቶ ሾርት ሲፈጠር፣ የሚጎርፈውን ከረንት የሚይዘው ልጓም እሱ ነው። ካነሰ ጎርፉ ትራንስፎርመሩን ይሰብረዋል፤ ከበዛ ደግሞ ሰፈር ጫፍ ያለው ሰው አምፖሉ ይደክምበታል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚያመልጥ ማወቅና በስም ሰሌዳው ላይ መጻፍ ግዴታ ነበር።

ሒሳቡን ያስተማሩኝ ጋሼ ኢተፋ ናቸው። "ክፍተቱን ሙሉውን ያዢ። የሁለቱን ጥቅልል ውፍረት ሲሶ ሲሶውን ያዢ። ደምሪ።" ከዚያ በአማካይ ዙሪያው፣ በዙሩ ብዛትም ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ በጥቅልሉ ቁመት ይካፈላል። ለምን ሲሶ እንደሆነ ስጠይቃቸው እንደሌላው ሰው "መጽሐፉ ላይ ነው" አላሉኝም። "ጥቅልሉ ውስጥ ማግኔቱ ከባዶ ተነሥቶ እያደገ ይመጣል፤ ሙሉ የሚሆነው ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ነው። ላላደገው ሙሉ ዋጋ አትስጪው" አሉኝ።

ችግሩ ሒሳቡ የተጻፈው ለፋብሪካ ጥቅልል መሆኑ ነው። የእኛ የእጅ ሥራ መሃሉ ያብጣል፣ ጫፉ ይጎድላል፣ የውስጡና የውጩ ቁመት እኩል አይመጣም። ቁመታቸው ካልተካከለ የሚያመልጠው ከሒሳቡ ይበልጣል። ጋሼ ኢተፋ ለዚህ ብለው ውፍረታቸው ደረጃ በደረጃ የሆነ የሸምበቆ ስንጥሮች ሠርተው ነበር። ክፍተቱን ዙሪያውን ስምንት ቦታ፣ ከላይ ከመሃል ከታች፣ በጠቅላላ ሃያ አራት ቦታ ይለኩታል። አንዷን አይዘሉም። ሃያ አራቱንም ይጽፋሉ፤ በጭንቅላታቸው አማካይ ሲያወጡ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ የወፍራሙን ጥቅልል ጫፎች በመዳብ አገናኝተው፣ በቀጭኑ በኩል ትንሽ ቮልቴጅ ሰጥተው ሙሉ ከረንት እስኪደርስ ከፍ እያደረጉ ያነባሉ። ሦስቱን እግሮች አንድ በአንድ። "መጽሐፉን ኋላ ትጠይቂያለሽ" ይሉኛል፤ "መጀመሪያ እህቶቹን ጠይቂ።" ሦስቱ እግሮች እህትማማች ናቸውና አንዷ ከሁለቱ የተለየች እንደሆነ አንድ የሆነችው ነገር አለ ማለታቸው ነው።

ለአንድ ዓመት ያህል ያዮ ተመድቤ ሠርቻለሁ። እዚያ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው በእጁ የጠመጠመው የብየዳ ማሽን ነበረው። ቀጭን ቆርቆሮ በነካ ቁጥር ይበሳበታል። ሽቦውን አወፈረ፣ አቀጠነ፣ ተሳደበ። ጋሼ ኢተፋ በሥራ ሲመጡ አየት አደረጉና ሁለቱን ጥቅልሎች በሁለት ጣት ያህል አራራቋቸው። ሌላ ምንም አልነኩም። ማሽኑ ቀጥ ያለ፣ ጸጥ ያለ ብየዳ ሰጠ። ሰውየው "ምን አደረጉት?" ሲላቸው "እንዲያመልጥ አደረግኩት" ብለውት ሄዱ። ያመለጠው ጠላት አለመሆኑ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ጠላት የሚሆነው መጠኑን ሳታውቂው ነው።

ጋሼ ኢተፋ ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ መብረቅ በአንድ ሳምንት ሁለት ትራንስፎርመር አቃጠለ። አንዱ የዳሪሙ፣ ሌላው የኖፓ። ሁለቱም ለጤና ጣቢያና ለወፍጮ የሚያበሩ ነበሩ። ኃላፊያችን በቀን ሦስት ጊዜ ደጄ ላይ ይቆማል።

"ሰዓዳ፣ ዛሬ?"

"ነገ።"

"ነገ ብለሽኝ ነበር እኮ ትናንት።"

በሁለቱ ጥቅልሎች መሃል ክፍተቱን የሚይዙት ከፋብሪካ የሚመጡ ጠንካራ የካርቶን ዘንጎች አልቀውብን ስለነበር ከግቢው ክምር የዋንዛ እንጨት ቆረጥን። የጋሼ ኢተፋ ሕግ የታወቀ ነው፦ አድርቂ፣ ለኪ፣ እንደገና አጥብቂ። ነገር ግን ያን ሰሞን መቱ ራሷ ሦስት ቀን መብራት አልነበራትም። መብራት የሚጠግነው ቤት መብራት አጥቶ፣ ማድረቂያችን ቀዝቅዞ ተቀመጠ። እኔም እርጥቡን እንጨት ከተትኩ። ጠብቆ፣ እየጮኸ ነው የገባው። ደስ አለኝ። ሃያ አራቱን ቦታ ለካሁ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያማረ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። የመቱ ክረምት ያሳበጠው እንጨት መሆኑን እያወቅሁ በልኬቱ ተኩራራሁ።

መብራት ሲመለስ ሦስት ቀን መድረቅ የነበረበትን በአንድ ቀን አወጣሁት። እንደገና አላጠበቅሁም፣ እንደገናም አልለካሁም። በሁለቱም ትራንስፎርመሮች ለሦስተኛው እግር የደረሰው ከክምሩ ሥር የነበረው፣ ከሁሉም እርጥቡ እንጨት ነበር፤ ያ ከሌላው ይልቅ ሟሸሸ። አንድ ሚሊ እንኳን አይሞላም። ውጪኛው ጥቅልል ግን ያዡን አጥቶ ወደ ታች ተንሸራተተ። ከላይ በጨርቅ ስለተጠቀለለ አይታይም።

ፈተናው ግን ነግሮኝ ነበር። አንደኛውና ሁለተኛው እግር አንድ ዓይነት አነበቡ። ሦስተኛው ሙሉ ከረንት ላይ ለመድረስ ከእነሱ የበለጠ ቮልቴጅ ፈለገ። ቆምኩ። ኃላፊው አጠገቤ ነበር። ያን ሰዓት መብራቱ ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር "መብራቱ እየዋዠቀ ነው" አልኩ። እሱ አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። በሁለተኛው ትራንስፎርመር ላይም ሦስተኛው እግር ከፍ አለ። "ያው መብራቱ ነው" አልኩ። ያነበብኩትን ትቼ በሒሳብ ያገኘሁትን ቁጥር በሁለቱም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ።

መስከረም ላይ ዳሪሙ ውስጥ ንፋስ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሽቦ ላይ ጣለ። ሁለት ሽቦ ተገናኘ፤ የተንሸራተተው ጥቅልል በጎርፉ ኃይል ጭራሽ ተወርውሮ ታንኩ ተሰነጠቀ። የወፍጮ ቤቱ ጥበቃ አቶ ነጋሽ ዝናብ ሽሽት ከሥሩ ተጠልለው ነበር። የፈላ ዘይት ትከሻቸውና ክንዳቸው ላይ ወረደ። ዳኑ፤ ክንዳቸው ግን እንደልብ አልታጠፈም። ልጠይቃቸው ስሄድ "እግዜር ያመጣው ነው" አሉኝ። "አይደለም፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ወደ ሚስታቸው ዞረው "ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች?" አሉ። ከዳሪሙ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በእግሬ ስመለስ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት።

ጋሼ ኢተፋ ሰምተው ከቤታቸው ጃንጥላ ይዘው መጡ። ማንም ሳይጠራቸው ከጎኔ ተቀምጠው የተቃጠለውን ጥቅልል አብረን ፈታን። ሦስተኛው እግር ላይ ስንደርስ እጃቸውን አቆሙ።

"በፈተናው ይቺ ስንት አነበበች?"

ነገርኳቸው።

"እህቶቿን ጠየቅሽ?"

"ጠየቅኩ ጋሼ። መለሱልኝ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽቦውን ትንሽ ፈቱና "ሁለት ነበሩ አይደል? ሌላኛው የት ነው?" አሉ።

"ኖፓ።"

ለኃላፊው በጽሑፍ አመለከትኩ። የኖፓው ይውረድ፣ ይከፈት አልኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ ተለዋጭ የለም፣ የሚሠራ ነገር አይነካም። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ካወረደው ጤና ጣቢያው ለወራት ይጨልማል፤ ካላወረደው ደግሞ ምናልባት ምንም አይሆንም። ያቺን "ምናልባት" ለእኔ ተወልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተሸከምኳት።

መላውን የሰጡኝ ጋሼ ኢተፋ ናቸው። "ሳትከፍቺው መጠየቅ ትችያለሽ። ኖፓ ወፍጮ አለ። ትልቅ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ከረንት ያመለጠውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከሦስቱ ፌዝ፣ ከየእግሩ ከሚወጡት መስመሮች፣ የትኛው ቮልቴጁ አብልጦ እንደሚወርድ እዪ። በየዓመቱ ደግሞ እዪ፤ እያደገ ከሄደ ጥቅልሉ እየወረደ ነው።" ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ዐረፉ። እስካሁን ሥራዬን አሳይቼ አስተያየታቸውን ብሰማ የምመኘው ሰው እሳቸው ናቸው።

እኔም በራሴ የዕረፍት ቀን ቴስተሬን፣ የቮልቴጅ መለኪያዬን፣ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ኖፓ መመላለስ ጀመርኩ። የወፍጮው ባለቤት ገመቹ ይባላል፤ ያኔ አዲስ ያገባ ጎልማሳ ነበር። መጀመሪያ ቆጣሪ ሊቆጣጠሩ መጡ ብሎ ፈርቶኝ ነበር። ቆጣሪውን ሳልነካ ስቀር ደግሞ ግራ ገባው።

"እትዬ ሰዓዳ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ወፍጮውን አጥፋና አንሣልኝ።"

"እህሉን ሳልጨርስ?"

"አንዴ ብቻ።"

ያነሣዋል። ሞተሩ ያጓራል። እኔ አንዱን ፌዝ አነባለሁ። "አሁንም አንዴ" እላለሁ፤ ሁለተኛውን አነባለሁ። "የመጨረሻ" እላለሁ። ሦስተኛው ከእህቶቹ በአራት ቮልት አብልጦ ይወርዳል። በሌላው ዓመት አምስት፣ ከዚያ ስድስት። ጤና ጣቢያውም ከዚያው መስመር ስለሚስብ ሁሉንም በጥቅልሉ ማሳበብ አልችልም፤ ለዚያ ነው እርግጠኛ መሆን ያቃተኝ። ወፍጮ የሚጠብቁት ሴቶች "ዶክተሯ መጣች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባለቤቴም "አንቺ፣ ኖፓ ላይ ሌላ ባል አለሽ መሰለኝ" ይለኛል። "አለኝ" እለዋለሁ፤ "ዘይት ይጠጣል፣ አይናገርም፣ ከአንተ ይሻላል።"

አንድ ነገር ብቻ ለገመቹ ለመንኩት፦ ግንቦት በመጣ ቁጥር በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ገና ሽቦው ጋ ሳይደርስ እንዲከረክም። ለምን ሲለኝ "መብራትህ እንዳይቆራረጥ" አልኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ብነግረው ሰዉ ይደነግጣል፣ እናቶች ጤና ጣቢያ መሄድ ይተዋሉ ብዬ ነው ራሴን ያሳመንኩት። አፈርኩም። አንድ ዓመት እንኳን ሳያጓድል ከረከመ። አንዴ ዛፉ ላይ ወጥቶ ወድቆ ወገቡን ታሞ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወጣ።

ጡረታዬ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ኖፓ ከተማው ስላደገ ትልቅ ትራንስፎርመር ተላከለት። አሮጌው ወረደ። ወርክሾፓችን ያኔ መጠምጠም ትቶ ነበር፤ የተቃጠለው ሁሉ ሳይፈታ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፣ በእሱ ፋንታ አዲስ ይመጣል። መጠምዘዣዬ ላይ ሰው ካፖርቱን ይሰቅልበት ነበር። ይህን ግን ሳይጫን ልየው ብዬ ኢንጂነር ሌንሳን ለመንኳት። ሌንሳ የፈተናው ክፍል ኃላፊ ናት፤ ፈጣን፣ ቁም ነገረኛ ሴት። አዲሱን መሣሪያዋን አገናኝታ በደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም እግር አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

"እትዬ፣ ሦስተኛው ልክ አይደለም።"

"ስንት ነው?"

ነገረችኝ። በደብተሬ ከወፍጮው ጩኸት ካወጣሁት ግምት ጋር ብዙም አይራራቅም ነበር። ክዳኑን አንሥተን ጥቅልሎቹን ስናወጣ የሦስተኛው ውጪኛ ጥቅልል በሁለት ጣት ያህል ወርዶ ተቀምጧል። የዋንዛው እንጨቶች በእጅ ሲነኳቸው ይወዛወዛሉ።

"ይሄ እኮ አንዲት ሾርት ብታገኘው..." አለች ሌንሳ።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አሥራ አንድ ዓመት ቆመ?"

"ሾርት አላገኘውም" አልኳት። ዘይት በነካው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌንሳ ያዘንኩ መስሏት ታጽናናኛለች። ሐዘን አልነበረም። ሥራዬ የፈራሁትን ያህል መጥፎ ነበር፤ ማንንም ሳይነካ ግን ወረደ። ከዚያ ተነሥቼ አሮጌውን ሰሌዳ ነቀልኩና ትክክለኛውን ቁጥር በመመርመሪያው ወረቀት ላይ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር። ጡረታ በወጣሁ ሳምንት ኖፓ ሄድኩ። ገመቹ ወፍጮው በር ላይ አገኘኝ።

"እትዬ፣ ቴስተሩስ?"

"ዛሬ አልያዝኩም። የምነግርህ አለኝ።"

ዱቄት የነካው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። እንጨቱን፣ መብራቱን፣ ዳሪሙን፣ አቶ ነጋሽን፣ ዛፉን ለምን እንዳስከረከምኩት። ስጨርስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"ባለቤቴ ጫልቱ ሦስቱንም ልጆች የወለደችው እዚያ ጤና ጣቢያ ነው" አለ። "ከትራንስፎርመሩ ሥር ነው የምናልፈው። ምሰሶው ሥር ቆሜ ነው የምጠብቃት። ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁ። አፈርኩም።"

ከዚያ "ኡፍ" ብሎ ተነሣ። "ለእኔ አይደለም የሚነግሩት። ለእሷ ይንገሩ" አለና ወደ ቤቱ ይዞኝ ሄደ።

ጫልቱ ጓዳ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። እንደገና ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ በሁለተኛው ጊዜ ባሰብኝ እንጂ አልቀለለኝም። እጇን በቀሚሷ ላይ እንዳደረገች አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

"አሁን የት ነው ያለው?"

"መቱ። ወርዷል። ተከፍቷል። ከእንግዲህ የትም አይሰቀልም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በእጄ ነው የከፈትኩት።"

ረጅም ትንፋሽ ወጣት። ባሏን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ የውሃ ጆግ ይዛ ተመለሰች።

"በሉ እጅዎን ይታጠቡ" አለችኝ። "ሽሮ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ ስለማውቅ ሥጋውን ለብቻ አደረግኩት።"